ያለ ሦስተኛ ማስቀመጫ

የፕሮግራመር ቅጥር ፈተና ላይ ነች። ፈታኙ ጠመኔ ወረወረላት፤ አጠገቡ የተቀመጠው ወጣት ሠራተኛ ፈገግ አለ።

«ሀ እና ለ በሚባሉ ማስቀመጫዎች ውስጥ ሁለት ቁጥር አስቀምጪና አቀያይሪያቸው። ሦስተኛ ማስቀመጫ ክልክል ነው።»

ሰሌዳው ላይ ሀ ውስጥ 94፣ ለ ውስጥ 51 አስቀመጠች። ድምራቸውን 145 ሀ ውስጥ ከተተች፤ ከሱ 51 ቀንሳ 94ን ለ ውስጥ፣ ከዚያ 94 ቀንሳ 51ን ሀ ውስጥ አስገባች። ቁጥሮቹ በሦስት መስመር ቦታ ተለዋወጡ።

«ጎበዝ! ዱካው እንኳ አይገኝም። ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎ።»

«እኔ?»

«አምና እዚሁ ተፈትኜ 94 አመጣሁ። ይሄ አጠገብዎ የተቀመጠው የእህትዎ ልጅ 51። ውጤቱ ሲለጠፍ ግን 51 የኔ፣ 94 የሱ ሆነ። እሱ ተቀጠረ።»

ፈታኙ ሳቀ። «ማስረጃሽ የታለ?»

ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ፈተናውን ያረሙት መምህር ውጤቱን ለእርስዎ ከማስረከባቸው በፊት ኮፒ አስቀርተው ነበር።»