ዘጠኝ ደብዳቤ ከእማዬ

የጠራዡ ሚስት ከቤት ከወጣች አምስት ወር ሆናት። ጎረቤት ሲጠይቀው «ሩቅ ከተማ ሥራ አግኝታ ነው» ይላል። ለልጁም ያላት ይህንኑ ነው።

ድሮ ሥራው መጽሐፍ መጠረዝ ብቻ ነበር። የሚያስጠርዝ ሰው ሲጠፋ በእጅ ወደሚሠራ ወረቀት ዞረ። አሮጌ ጋዜጣና ብጫቂ ጨርቅ በባልዲ ይዘፈዝፋል፤ በመፍጫ አድቅቆ እንደ ቀጭን ሊጥ ያደርገዋል፤ ከዚያ በወንፊት አንሥቶ፣ ውሃውን በስፖንጅ መጥጦ፣ መስታወት ላይ ያደርቀዋል። የሰርግ መጥሪያ፣ አልበምና የማስታወሻ ደብተር ይሠራበታል።

የሚሠራው ከእናቱ በወረሰው ቤት የፊት ክፍል ነው። ቤቱ ዋና መንገድ ዳር ስለሆነ ደላላ ከበሩ አይጠፋም። ሚስቱ «ሸጠን እንገላገል» ስትለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር።

«በመቃብሬ ላይ!»

ግድግዳው ስስ ነው፤ ጎረቤት ይሰማል።

ሰባት ዓመት የሞላት ልጁን ሚጡ ይሏታል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ወርውራ አጠገቡ ትቀመጣለች። ሁለቱ «የእማዬ ደብተር» የሚሉት ነገር ጀምረዋል። አንዱ ገጽ ላይ የአውቶቡስ ትኬት፣ የሹራብ ቁልፍና የደረቀ አበባ በሙጫ ተለጥፏል፤ ዙሪያውን ሚጡ በውሃ ቀለም ሰማያዊ ቀብታዋለች። ሌላው ገጽ ላይ ከማበጠሪያ የተለቀመ ረጅም ፀጉር ተጠምዝዞ ተሰፍቷል።

አንድ ቀን ጠራዡ የሚስቱን ነጭ ቀሚስ ከቁምሣጥን አውጥቶ በመቀስ ይቆራርጠው ጀመር።

«አባዬ! የእማዬን?»

«ጥጥ ነው። እንደ ጥጥ ጥሩ ወረቀት የሚወጣው የለም።»

ቁርጥራጩን ባልዲው ውስጥ ከትቶ በእንጨት አማሰለው።

በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ ደብዳቤ አለ። ጠራዡ ከውጭ ሲገባ ከኮቱ ኪስ ያወጣዋል። ሚጡ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። «የኔ ቆንጆ፣ ጥርስሽ ወለቀ አሉኝ። ሳልሽስ ተሻለሽ?» አንብባ ስትጨርስ ትራሷ ሥር ትከተዋለች። «ለማንም እንዳታሳዪ» ብሏታል አባቷ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አክስቷ ትመጣለች፤ የእናቷ ታላቅ እህት። ብቻዋን የምትኖር ቁጥብ ሴት ናት። እህቷ የገባችበት ከጠፋ ጀምሮ አንድም ቀን ስታለቅስ ያያት የለም። ጎረቤቶች «ሆዷ ውስጥ ነው የምታለቅሰው» ይሉላታል። ሚጡን ጭኗ ላይ አስቀምጣ የምትበላውን፣ እንቅልፏን፣ ትምህርቷን አንድ በአንድ ትጠይቃታለች። ባለፈው ቅዳሜ የሚጡን ፎቶ ለምና በቦርሳዋ ይዛ ሄዳለች። ጠራዡን ግን ቀና ብላ አታየውም።

በሳምንቱ ሚጡ አላስቻላትም። ሮጣ ገብታ ዘጠኙን ደብዳቤ አቅፋ ወጣች።

«አክስቴ፣ እዪ! እማዬ ናት የላከችልኝ!»

አክስቷ የመጀመሪያውን ፖስታ ተቀበለች። ሳትከፍተው «ይሄ የእሷ አይደለም» አለች።

ጠራዡ የሙጫ ብሩሹን እንደያዘ ክው ብሎ ቀረ። «ቀስ በይ እባክሽ፣ ልጅቷ ትሰማለች።»

«እህቴ የት ናት?»

«ሄደች አልኩሽ እኮ።»

«የት?»

ጠራዡ ብሩሹን ሙጫው ውስጥ መልሶ ነከረ። አክስቲቱ አንዱን ደብዳቤ በቦርሳዋ ከታ ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ፖሊሶች መጡ። ባልዲውን ገልብጠው ያልደቀቀ የቀሚስ እጅጌ አገኙ። ፀጉር የተሰፋበትን ገጽ አገኙ። ከመሳቢያው ሥር ደግሞ አንድ ሙሉ ደብተር ወጣ፤ የሚስቲቱ የእጅ ጽሑፍ በየመስመሩ እየተኮረጀ፣ እየተሰረዘ፣ እንደገና እየተኮረጀ።

«ደብዳቤዎቹን ማን ጻፋቸው?» አለ መርማሪው።

ሚጡ በሩ ላይ ቆማለች። ጠራዡ አያት፤ ከዚያ መሬት መሬቱን አየ።

«እኔ።»

«ለምን?»

«ጥላን ሄደች። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የለችም። እናትሽ ትታሽ ሄደች ይባላል ለሰባት ዓመት ልጅ? ምን ልበላት?»

«ስትወጣ ያያት ሰው አለ?»

«የለም።»

«ደውላ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ቀሚሷንስ?»

«ደብዳቤው እሷን እሷን እንዲሸት ብዬ ነው» አለ። ፖሊሶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ሚጡ ገብታ የቀሩትን ስምንት ደብዳቤዎች አመጣችና አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ፈስሶ ጭቃ በመሰለው የወረቀት ሊጥ ውስጥ ከተተቻቸው።

ሬሳ አልተገኘም። ዐቃቤ ሕጉ ግን ወረቀት የሚፈጭ ሰው ሬሳ ማጥፋት አያቅተውም አለ። የቀኝ ጎረቤቱ «ሲጨቃጨቁ መቃብር የሚል ቃል ሰምቻለሁ፤ አንዴ አይደለም፣ አሥር ጊዜ» ብሎ መሰከረ። ጠራዡ «በመቃብሬ ነው ያልኩት፣ በራሴ!» እያለ ቢጮህም ዳኛው ዝም በል አሉት።

በመጨረሻው ቀን አክስቲቱ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ በመሐረብ አፏን ሸፍና ሰማች። ፍርዱ ተነበበ። ልጅቷን እንድታሳድግ፣ ቤቱንም እንድታስተዳድር ለእሷ ተወሰነላት።

ጠራዡን ሲያወጡት አጠገቧ ሲደርስ ቆም አለ። ከስቷል፤ የእስረኛው ልብስ ሰፍቶታል።

«አንቺን አልቀየምሽም» አላት። «እህትሽ ናት፣ ፖሊሶቹን ብታምኚ አልፈርድብሽም። ሚጡን ብቻ አደራ።»

«አታስብ» አለችው።

ሚጡ ለጊዜው ጎረቤት ቤት ነበረች። አክስቷ እሷን ከመውሰዷ በፊት ወደ ራሷ ቤት ሄደች። ሦስተኛ ፎቅ ወጣች፤ በሩን ከውስጥ ቆለፈች፤ መጋረጃውን ጋረደች፤ ጫማዋን አውልቃ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ታናሽ እህቷ ከጓዳ ብቅ ብላ «ስንት ዓመት ፈረዱበት?» አለቻት።