አጥሩ ሥር የቆሙት

ዓመቱ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ነበር። ዝናቡ ጥሩ ነበር፤ ሳይቸኩል፣ ሳያጠፋ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ገበሬው እንዲህ ያለ ዝምተኛ ዝናብ አይቶ አያውቅም። ግቢው መራሱን የሚያውቀው ጠዋት ተነስቶ በሩን ሲከፍት ነበር።

የገበሬው ልጅ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ልጁ ዘፋኝ ነው፤ ጊታር ይጫወታል። አለቃ የለውም። ዘፈኑን ራሱ ይሠራል፣ ራሱ ይቀርጻል፣ ድምፅ ማጉያውን ተሸክሞ ከከተማ ከተማ ይዞራል። አንዱ ዙር ሲያልቅ ወላጆቹ ቤት ያርፋል፤ ሌላው ሲደርስ ይሄዳል።

አባት ይህን ሥራ አልወደደውም ነበር። አምና ግን ገበያ ወርዶ የልጁን ፎቶ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አየ። አጠገቡ ለቆመ ለማያውቀው ሰው "የኔ ልጅ ነው" አለ። ሰፈር ሲመለስም ማንም ሳይጠይቀው አወራ። እንደሱ ላለ ሰው ይህ ብዙ ነው።

ዘንድሮ ልጁ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። ሲናገር አንገቱን ደፍቶ ያጉረመርማል። አባት ደግሞ የሚያናግረው ሰው ፊት ለፊቱ ቆሞ ዓይን ዓይኑን እንዲያየው ይፈልጋል። "ቀና በል" ይለዋል። ልጁ ቀና ይልና ጥቂት ቆይቶ መልሶ ይደፋል። የሚስቱም ጠባይ ተለውጧል፤ አንዱን ነገር ሳትደግመው አታልፍም፣ ስትደግመው ደግሞ በቁጣ ነው። ገበሬው ግን ጩኸት የሚያፍነው የጭስ ማውጫው ተነቅሎ ከወደቀ ዓመታት ያለፈውን ትራክተሩን አስነስቶ እርሻ ይውላል።

አንድ ቀን ለምሳ ሲመለስ ልጁን በመስኮት አየው። ጊታሩን ታቅፎ ተቀምጧል። ጣቶቹ ክሩ ላይ ይሄዳሉ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚወጣ ነገር ግን የለም። አባት ጥቂት ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ እንዳላየ ሆኖ ወደ ጓሮ ዞረ።

በማግስቱም ያው ነበር። ልጁ የደረቀ ጉድጓድ ውስጥ ባልዲ እንደሚያወርድ ሰው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

አጥሩ ሥር የጎረቤት ሴቶች ቆመው ወደ መስኮቱ ያያሉ። አንዷ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ትጠርጋለች። አባት አዝነውለት መሆኑ ገባው፤ ፊቱ ነደደ። ለዚያ ሁሉ ሰው አውርቶ አሁን ምን ብሎ ይመልሰዋል?

"ሰው አይታችሁ አታውቁም?" አላቸው።

ሴቶቹ ተያይተው ሄዱ። ዓይኗን የጠረገችው ዞር ብላ አንድ ነገር አለችው።

በሳምንቱ አጋማሽ እህል ሊያስፈጭ ሄዶ ነገሩን ለባለወፍጮው ነገረው። የልጅነት ጓደኛው ነው፤ ዕድሜውን በወፍጮ ጩኸት መሐል የኖረ። በሰፈሩ እንደ ሰው የሚናገር እሱ ብቻ ቀርቷል፤ ሌላው ሁሉ ዘንድሮ ቃሉን አፉ ውስጥ ያላምጣል።

"ድምፁ ጠፋ? እኔ ጋ ላከው" አለ ባለወፍጮው። "እዚህ የጮኸም ዝም ያለም እኩል ነው።"

ገበሬው አልሳቀም። ባለወፍጮውም ቀልዱን ተወና ልጁን እንዲያስቀረው መከረው፤ ሰው ፊት ቆሞ ከሚዋረድ ጭቃ ውስጥ ቢውል ይሻለዋል አለ።

ማታ ራት ላይ አባት ልጁን ከፊቱ አስቀመጠው። ልጁ ቅዳሜ መኪና እንደሚመጣለት፣ አዲሱ ዙር እንደሚጀመር ነገረው።

"ሄደህ ምን ልታደርግ?"

"ልዘፍን ነዋ፣ አባዬ።"

"ሰው ፊት?"

ልጁ ቀና ብሎ አየው። "አዲሶቹን ዘፈኖች አልወደድካቸውም?"

"የቱን ዘፈን?" አለ አባት።

የልጁ ፊት ተለዋወጠ። እናቱ ልትናገር ስትል ገበሬው እጁን አንስቶ ዝም አሰኛት። ልጁን ሊያሳፍረው ፈልጎ አልነበረም። ሳምንቱን ሁሉ ሲያፍርበት ሰንብቶ አሁን አዘነለት። ቤቱ የእሱም ቤት እንደሆነ፣ ከወንዙ በኩል ያለውን መሬት እንደሚሰጠው፣ ለምን ቀረህ የሚለው ሰው ካለ ከሱ ጋር እንደሚገናኝ ነገረው። በአንድ ጊዜ ይህን ያህል አውርቶ አያውቅም።

"ገባኝ፣ አባዬ" አለ ልጁ። "እቀራለሁ።" እንጀራውን ሳይጨርስ ተነስቶ ገባ።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው መጣ። ሾፌሩ ከበሮም ይመታል፤ ከልጁ ጋር ለዓመታት ዞሯል። ልጁ በአፉ ተናግሮ ከሚዋረድ ብሎ አባት ቀድሞት ደጅ ወጣ። ሾፌሩ ለሰላምታ ሲጠጋ እጁን እንደጨበጠ ወደ ጎን ወሰደው።

"አይሄድም" አለው። "ድምፁ ሄዷል። በዓይኔ አይቻለሁ፤ አፉን ይከፍታል፣ ምንም አይወጣውም። አደራህን፣ ለሰው አታውራብኝ።"

ሾፌሩ ግራ ገብቶት ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ወደ ቤቱ ዞር አለና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

አባትም ዞረ። ልጁ ጊታሩን ታቅፎ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። አጥሩ ሥር ከወትሮው የበዛ ሰው ቆሟል። ሚስቱም መሐላቸው ናት፤ ታለቅሳለች። ገበሬው ሁሉንም ሊያባርር ወደ እነሱ ተራመደ።

ልጁ እጁን ከክሩ ላይ አነሳ።

አጥሩ ሥር የቆሙት ሁሉ አጨበጨቡ፤ ገበሬው መዳፍ ከመዳፍ ሲጋጭ አየ እንጂ ምንም አልሰማም።

ቆመ። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ተመልሶ "ጠብቀው፣ ይሄዳል" አለውና የልጁን ድምፅ ማጉያ ተሸክሞ ሊያወጣ ወደ ቤት ገባ።