ጓንቱ የያዘው እጅ

አዲስ ነገር ፈጥሮ ፓተንት ያወጣ ሰው የእጁን ሙያ አብሮ ያስረክባል፤ ሕግ ነው። ሙያው በጓንት ውስጥ ይቀመጥና የምህንድስና ተማሪዎች እያጠለቁ ይማሩበታል። ባለቤቱን ግን ከዚያ ወዲያ ለዚያ ሙያ እጁ አይታዘዘውም።

ኤፍራታ ክፍል ውስጥ የዛሬውን ጓንት አጠለቀች። የእናቷ ነው። እናቷ ጥሩአየር የማይበጠስ የሽቦ ገመድ ፈጥራ ነበር። አጎነጓጎኑን የቀዳችው ከሹሩባ ነውና፣ ፓተንቱን ካወጣችበት ቀን ጀምሮ የልጇን ፀጉር መሥራት አቃታት። ያኔ ኤፍራታ ሰባት ዓመቷ ነበር።

አሁን ጓንቱ ውስጥ ያሉት ጣቶቿ ፊቷ የተቀመጠውን የመለማመጃ ሽቦ ትተው ወደ ፀጉሯ ሄዱ።

«ኤፍራታ፣ ገመዱን ነው እንጂ!» አሉ መምህሩ።

«በእናትዎ ቲቸር፣ አንዷን ብቻ ልጨርሳት።»

መምህሩ ሰዓታቸውን አዩና ወደ ሌላ ተማሪ አለፉ። ጓንቱ ጆሮዋ አጠገብ ሲደርስ ጠበቅ አድርጎ ጎነጎነ፤ ወዲያው ያመማትን ቦታ በአውራ ጣት አሸት አደረገላት፣ ልክ እንደ ድሮው።

ማታ ቤት ስትገባ እናቷ ያችን አንዲት ጉንጉን እየዳበሰች ቆየች።

«ማናት እንዲህ አሳምራ የሠራችሽ?»

«አንዲት ሴት ናት፣ እማዬ።»

«እጇ ይባረክ» አለች እናቷ።