ካልሲ ሻጩ

ሰውዬው ሜክሲኮ አደባባይ ካለው ካፌ ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ተቀምጦ መንገደኛውን ቁልቁል መናቅ ሱስ ሆኖበታል። ታክሲ ለመሳፈር የሚጋፋውን ሰው «መንጋ» ይለዋል። አስፋልቱ ዳር ሸራ ዘርግቶ ካልሲ የሚሸጠው ጎረምሳ ደግሞ ጩኸቱም መልኩም ያስጠላዋል።

አንድ ረፋድ ላይ፣ ነጠላ የተከናነበች አሮጊት መንገድ ስታቋርጥ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ወዲያው ሰው ከበባት።

«አየሽ?» አላት አስተናጋጇን ትርንጎን። «ሥራ ፈት ሁላ! ሰው ሲወድቅ እንደ ዝንብ ነው የሚወረው።»

«ሊረዷቸው ይሆናል እኮ፣ ጋሼ።»

«ሊረዷት!» ብሎ ሳቀ።

ካልሲ ሻጩ ሸቀጡን ጥሎ፣ ሰዉን እየገፈተረ ገባና አጠገቧ ተንበረከከ። ቦርሳዋን ከፍቶ ይበረብር ጀመር።

«ይኸው! ገና ሳትሞት ሊዘርፋት ነው!»

ጎረምሳው ከቦርሳዋ ውስጥ ስልክ መዝዞ አወጣ።

«ሌባ! ያዙት!» ብሎ ከበረንዳው ጮኸ። የመኪና ጡሩምባ ድምፁን ዋጠው። ጎረምሳው ግን አልሮጠም። ስልኩን ጥቂት ነካክቶ ጆሮው ላይ ለጠፈው።

ጠረጴዛው ላይ ያለው የራሱ ስልክ ጠራ። «እማዬ» ይላል። አሁን ደግሞ ምን ፈልጋ ነው እያለ፣ እየተነጫነጨ አነሳው።

«ሃሎ፣ ወንድሜ» አለ አንድ የሚያለከልክ ድምፅ። «እናትህ መሰሉኝ፣ ደጋግመው ያንተን ስም ነው የሚጠሩት። ሜክሲኮ አደባባይ ነን። ቶሎ ድረስ፤ እስክትመጣ ከአጠገባቸው አልለይም።»