ክላቹ እስኪመረጥ

ሐሙስ ጠዋት እስራኤል ውስጥ ከናታንያ ወደ ቴል ሞንድ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ የግል መኪና ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። የግል መኪናውን ይነዳ የነበረው ወጣት እዚያው ሞተ። ፖሊስ ቤተሰቡ መርዶውን እስኪሰማ ድረስ ስሙን አልገለጸም።

ብዙም ሳይቆይ ናታንያ፣ ኪርያት ሀሻሮን ሰፈር ለሚኖሩት ለአቶ አባተ ስልክ ተደወለላቸው። የደወለው ጋራዥ፣ በእነሱ አፍ ሙሳክ፣ ያለው ቃኘው ነው።

«ጋሼ፣ የቴል ሞንዱን አደጋ ሰምተዋል? ልጁ የእኛው ሰው ነው።»

«የማን ልጅ?»

«እሱ በስልክ አይሆንም። ኔሪያ እኔ ሙሳክ ነው ያለው። ሽማግሌዎቹ እስኪደርሱ መጥተው አብረውት ይቀመጡ።»

አቶ አባተ ሌላ አልጠየቁም። ኔሪያ ከእሳቸው ጋር በአንድ ሕንጻ የሚኖር የጎረቤት ልጅ ነው። ታናሽ ወንድሙ ሊአድ በየጠዋቱ በዚያው መንገድ እየነዳ ሥራ ይሄዳል፤ ፍጥነቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ከኢትዮጵያ መጥተው እዚህ በሚኖሩት ሰዎች ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። የሟቹ የቅርብ ሰው ሰበብ ተፈጥሮለት አንድ ቦታ እንዲቆይ ይደረጋል። ከዜናም ከስልክም ይጠበቃል። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሲመጡ ያኔ ይነገረዋል። አቶ አባተ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው። ብዙ በር አንኳኩተዋል፤ ሳይፈሩ ያንኳኩት ግን አንድም የለም።

ሚስታቸው ሐረጓን ጎረቤት ጠርታት ወጥታለች። መኪና ያለው ልጃቸው ሽሙኤል እንዲያደርሳቸው ደወሉለት፤ አላነሳም። ሥራ ላይ ሲሆን አያነሳም። በአውቶቡስ ሄዱ።

መንገዱን ሙሉ የሚያስቡት ስለ ፊታቸው ነበር። ልጁ ገና ሲያያቸው ቢያውቅባቸውስ?

ጋራዡ ውስጥ ሬዲዮው ጠፍቷል። የኔሪያ ጥቁር የስፖርት መኪና ሊፍት ላይ ተሰቅላለች፤ ካምቢዮዋ ተፈቶ መሬት ላይ ተቀምጧል። ኔሪያ ተነስቶ ትከሻቸውን ሳመ፤ ቶሎም አልለቀቃቸውም። ሳይነገረው ልቡ አውቆታል አሉ በሆዳቸው።

ቃኘው መደገፊያ ያለው ወንበርና ውሃ አመጣላቸው። አቶ አባተ ወንበሩን ወደ ኔሪያ አስጠጉና ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ብረት አዩ። ወሬ ማስረዘም ያውቁበታል።

«ይህ ምንድን ነው ልጄ?»

«ክላች ነው ጋሼ። አሮጌው ተቃጠለ። ይሄ ትልቁ ክብ ብረት ጋልጋል ትኑፋ ይባላል። ከሞተሩ ጋር ይሽከረከራል፣ ክላቹ ደግሞ እሱን ይይዛል።»

«ሁለት ዓይነት ነው'ሳ!»

«አዎ። ይሄ እንደ ፋብሪካው ነው። ውስጡ ስፕሪንግ አለው፣ ከባድ ነው፣ ንዝረቱን ይውጠዋል። ይሄኛው አንድ ወጥ ብረት ነው፣ ቀላል። ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ ቶሎ ይነሳል። መብራት ላይ ሲቆሙ ግን ይንኳኳል፤ ፔዳሉም ይጠጥራል።»

«ጸጥተኛውን ትተህ ጯሂውን ልትወስድ? ሚስትም እንዲህ ነው የምትመርጥ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ኔሪያ መልስ አያጣም ነበር። አሁን ግን ብረቱን ያገላብጣል። ቃኘው ሊስቅ ሞከረና ተወው።

የኔሪያ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነዘረ። አቶ አባተ ደነገጡ።

«ያን ፔሌፎን አጥፋው። ሰው እያወራህ!»

ኔሪያ ሳይከራከር አጠፋው።

«የእርስዎንም ይስጡኝ ጋሼ» አለ ቃኘው፣ «ቻርጅ ላርግልዎት።»

ሰጡት። ብልህ ነው ሲሉ አሰቡ፤ ወሬው በእሳቸውም ስልክ ሊመጣ ይችላል።

ከዚያ ጥያቄው ሳያስቡት ከአፋቸው ወጣ። «ሊአድስ?»

ኔሪያ ቃኘውን አየ። «ሥራ ላይ ነው።»

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው ጋሼ።»

አቶ አባተ ዓይኑን ማየት አልቻሉም። ከውጭ መኪና ባለፈ ቁጥር ወደ በሩ ያያሉ፤ ሽማግሌዎቹ እንዲደርሱም እንዳይደርሱም ይፈልጋሉ።

ኔሪያ ከባዱን መረጠ። ጥቂት ቆይቶ ቀላሉን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። ቃኘው ደንበኛ ሲያመነታ የሚቆጣ ሰው ነው። ዛሬ ግን «ቀስ ብለህ ምረጥ፣ ምን አስቸኮለህ» አለው።

«ለውድድር ነው የምትነዳት?» አሉ አቶ አባተ።

«አይ፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ። መሀል ከተማ፣ ትራፊክ ላይ።»

«እንግዲያው ቶሎ የሚነሳው ምን ያደርግልሃል? ከባዱን ውሰድ። እናት አለችህ።»

ኔሪያ ፊቱን ወደ መኪናዋ አዞረ።

«እሺ ጋሼ» አለ። «ከባዱን።»

በሩ ላይ መኪና ቆመ። ሽማግሌዎቹ ወረዱ፤ ከፊት አቶ ሙላት፣ ለመርዶ ሁልጊዜ ከአቶ አባተ ጋር የሚሄዱት። አቶ አባተ ተነስተው በሩና ኔሪያ መካከል ቆሙና የልጁን እጅ ጥብቅ አድርገው ያዙ።

«እኔ ልንገረው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔን ለምዶኛል።»

አቶ ሙላት ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት መሬት አዩ።

ኔሪያ ማልቀስ ጀመረ። አቶ አባተ ደረታቸው ላይ አስጠግተው አቀፉት። «አይዞህ ልጄ» አሉት። «አይዞህ፣ እኛ አለንልህ።»

ከቀትር በኋላ ፖሊስ የሟቹን ስም ገለጸ፦ ሽሙኤል አባተ፣ የኪርያት ሀሻሮን ነዋሪ።