የእርድ ጉርሻ

የድንች ወጡ ቢጫነት የታየኝ አማቴን ካጎረስኳቸው በኋላ ነው። እኔ ስሠራው እርድ አልጨመርኩበትም።

አዲሱ የእርድ ዝርያ ከተገኘ ወዲህ፣ እሱ ያለበትን ምግብ ያጎረሰ ሰው የጎራሹን የመገጣጠሚያ ሕመም እስኪነጋ ይወስዳል። በቤታችን አማቴን ተራ ገብተን እናጎርሳቸዋለን። ዛሬ ግን ነገ ለምትዳረው ልጄ ለሐመልማል ሹሩባ የምሠራው እኔ ነበርኩ።

ጣቶቼ ወዲያው ደረቁ። በቃ፣ ልጄ ፀጉሯ ሳይሠራ ልትዳር ነው ብዬ ደነገጥኩ።

«እማማ፣ እርስዎ ነዎት እርድ የጨመሩበት?»

«እኔ ነኝ። ብነግርሽ ታጎርሺኝ ነበር?» አሉ አማቴ፣ ጣቶቻቸውን እየዘረጉና እያጠፉ። «የልጅ ልጄን ለሠርጓ እኔ ልሥራት። አንቺ ስትሠሪ እንደሁ መስመሩ ይጣመማል።»

ሐመልማል እየሳቀች እግራቸው ሥር ተቀመጠች። እጃቸው መሃል ላይ ቢከዳቸውስ እያልኩ ዓይኔን አልነቀልኩም። ለዓመታት ማበጠሪያ ያልጨበጡት ጣቶች ግን ፀጉሯ ውስጥ ይሮጡ ነበር። ልጄ ሕመሙን ልትወስድልኝ ከወጡ ጠቅልላ እጇን ስትዘረጋ አፌን ሸፈንኩ።

«ለሙሽራ አይሆንም፤ ለእናትሽ እርድ የሌለበት ደረቅ ዳቦ ስጪያት» አሉ አማቴ።

ሲጨርሱ በሩን ልቆልፍ ተነሳሁ፤ ጣቶቼ ግን ቁልፉን አላዞር አሉ። አማቴ ተቀብለውኝ ቆለፉት። ከዚያ መልሰው ከፈቱት፤ እየሳቁም ደግመው ቆለፉት።