በራሷ የመጣችው

መንታዎቹ ሲወለዱ ኤልዳና በምጥ፣ በራሷ መጣች። ያፌት ግን ማህፀን ውስጥ ተጋድሞ ስለቀረ ሐኪሞቹ በኦፕራሲዮን አወጡት። እናትየው በኋላ በኦፕራሲዮን የተወለደ ልጅ አለርጂ ይበዛበታል ሲባል ሰማች። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ከያፌት ላይ አልነቀለችም። እንቁላል እንኳ በጥፍሯ ጫፍ እየቆነጠረች ነበር የምታቀምሰው። ኦቾሎኒማ ቤቷ ገብቶ አያውቅም።

አራት ዓመት ሲሞላቸው ጎረቤቷ እትዬ ዘነበች ለልጅ ልጃቸው ልደት ጠሯቸው። እናትየው ከሴቶቹ መሃል ብትቀመጥም ወሬው አልገባትም፤ ያፌትን ትከታተላለች።

«አንቺ ልጅ፣ እስቲ እፎይ በይ። ሕፃን አፈር ልሶ ነው የሚያድገው» አሏት እትዬ ዘነበች።

«የእሱ ይለያል፣ እትዬ። እሱ በቢላ ነው የወጣው።»

«ታዲያ ቢላው እስከ ዛሬ ይከተለዋል?»

ሴቶቹ ሳቁ። በዚህ መሃል ያፌት ከሳህኑ የተቆላ ኦቾሎኒ ዘግኖ ወደ አፉ ሲወስድ አየችው። ተወርውራ እጁን ያዘች። ጣቶቹን ፈልቅቃ ኦቾሎኒውን አወጣች፤ መዳፉን በነጠላዋ ደጋግማ ጠረገች። አንዲት ፍሬ እንኳ አልቀመሰም።

«ተመስገን» አለች። በእጇ የቀረውን ኦቾሎኒ እጇን ዘርግታ ለቆመችው ለኤልዳና ሰጠቻትና የሚያለቅሰውን ልጅ አቅፋ ታባብለው ጀመር።

ከብዙ ማባበል በኋላ ያፌት ዝም አለ። በእናቱ ትከሻ ላይ እንደተደገፈ ወደ ኋላዋ አየ።

«እማ፣ የኤልዳና ከንፈር ለምን አበጠ?»